ለራስ ሲቆርሱ

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን የማስቅባት አንዲት ክፍለ ጊዜ ነበረችኝ። የአሜሪካ ሥነ ግጥም ስናጠና ዋልት ዊትማን ላይ የምንደርስባት ቀን ናት። «ይሄ ሰውዬ» እላለሁ ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ «መጽሐፉን በገዛ ገንዘቡ አሳተመ። ሰው ዝም ሲለው ደግሞ ስለ ገዛ መጽሐፉ ራሱ ሂስ ጻፈ፤ ስሙን ደብቆ። ያውም አንዴ መስሏችሁ? ሦስቴ!» ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ከኋላ ወንበር አንድ ደፋር አይጠፋም፤ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!» ይላል። እንደገና ሳቅ። ሰዓቱ ያልቅና እኔም «ዛሬስ አስተማርኩ» እያልኩ ወደ ቢሮዬ እሄዳለሁ።

ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ያቺን ቀልድ አውርቻት አላውቅም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ አሁን ግን አይደለም። መጀመሪያ ሰውዬውን በቅጡ ላስተዋውቃችሁ፤ ለሳቅ ስል ብዙ በድዬዋለሁና።

ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1819 ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ከአናጢ ቤት ተወለደ። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ በ12 ዓመቱ ማተሚያ ቤት ገባና ፊደል ለቀማ ተማረ። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ፊደል ከእርሳስ የተሠራች ናት፤ ለቃሚው አንድ በአንድ እያነሣ ከፊደል ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ያልሞከረው የለም። የገጠር አስተማሪ ሆነ፣ ጋዜጠኛ ሆነ፣ በብሩክሊን የአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፣ ቤት እየሠራም ሸጠ። በ1842 ስለ መጠጥ ጎጂነት አንድ ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ በስተኋላ ራሱም አፍሮበታል። 36 ዓመት ሲሞላው እንግዲህ እንደ ገጣሚ የሚያውቀው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚያውቀው ሙያ ግን ነበረው፤ የማተም ሙያ።

በ1855 በሐምሌ መጀመሪያ «የሣር ቅጠሎች» ወጣች። ብሩክሊን ውስጥ ሮም የሚባሉ ወንድማማች ወዳጆቹ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረቻቸው፤ እዚያ ነው የታተመችው። ከገጾቹ ጥቂቱን ፊደል የለቀመው ራሱ ገጣሚው ነው። 795 ቅጂ፣ 95 ገጽ፣ ርእስ የሌላቸው 12 ግጥሞች። ሽፋኑ አረንጓዴ፤ ርእሱ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሆኖ ፊደሎቹ ሥርና ቅጠል አውጥተዋል። በርእሱ ገጽ ላይ ግን የደራሲ ስም የለም! ከርእሱ ፊት ለፊት የአንድ ጢማም ሰው ምስል ነው ያለው፤ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ፣ የሸሚዙ አንገት የተከፈተ፣ ባርኔጣው ዘመም ያለ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ። ስሙን ለማወቅ ግጥሙን ማንበብ አለባችሁ፤ መሐል ላይ ድንገት ብቅ ይላል።

ክፍል ውስጥ ይህን ምስል ሳሳይ «ትሕትና ነው ወይስ ትዕቢት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ዛሬ ሁለቱም አይመስለኝም። ሰውዬው ማተሚያ ቤት ያደገ ነው፤ ገዢ መጽሐፍ ሲያነሣ መጀመሪያ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ያውቃል።

ለማከፋፈል የተስማሙለት ፋውለርና ዌልስ የሚባሉ፣ «የራስ ቅልን ዳብሰን ጠባይ እናውቃለን» የሚሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ዋጋው ሁለት ዶላር ሆነ፤ በኋላ ወረደ፤ ያም ሆኖ ገዢው ጥቂት ነው። መጽሐፉ በወጣ በቀናት ውስጥ አባቱ ሞቱ። ወንድሙ ጆርጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ፣ መጽሐፉን አይቶት እንደነበር፣ ለማንበብ ግን የሚበቃ ሆኖ እንዳላገኘው ተናግሯል። በራሱ ያሳተመ ሰው ይህን ወንድም ያውቀዋል። በየቤቱ አለ።

ከዚያ ያቺ ደብዳቤ መጣች። ዊትማን አንዱን ቅጂ ለራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ልኮለት ነበር። ኤመርሰን ማለት ያን ጊዜ በአሜሪካ የሐሳብ ዓለም ትልቁ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለማያውቀው ገጣሚ ሐምሌ 21 ቀን 1855 ደብዳቤ ጻፈለት። አገሪቱ እስካሁን ካፈራቻቸው የጥበብ ሥራዎች ሁሉ ይህ የላቀ ነው የሚል፣ ምንም ቁጥብነት የሌለው ምስጋና። እስቲ ራሳችሁን በዊትማን ቦታ አድርጉት። መጽሐፋችሁ አልተሸጠም፤ አባታችሁን ቀብራችኋል፤ ወንድማችሁ አላነበባችሁም፤ ከዚያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። ምን ታደርጋላችሁ?

ዊትማን ያደረገውን እነሆ። ደብዳቤው በጥቅምት ወር ኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጸሐፊውን ማን አስፈቀደ? ማንም። በ1856 ሁለተኛው እትም ሲታተም ደግሞ ከደብዳቤው አንዷን ዓረፍተ ነገር መዘዘና የመጽሐፉ ጀርባ ስፌት ላይ ከነኤመርሰን ስም በወርቅ አስጻፋት። ለአንድ ሰው በግል የተጻፈች መልካም ቃል የመደርደሪያ ማስታወቂያ ሆነች። ዛሬ በየመጽሐፉ ጀርባ የምናየው የእከሌና የእከሌ አድናቆት አያቱ ይህች ወርቃማ መስመር ናት የሚሉ አሉ፤ ቢሉም አልፈርድባቸውም።

ሦስቱ ሂሶችም የዚያው የ1855 ናቸው። አንዱ ዩናይትድ ስቴትስ ሪቪው ላይ፣ አንዱ ብሩክሊን ዴይሊ ታይምስ ላይ፣ አንዱ ደግሞ የራስ ቅል ዳባሾቹ መጽሔት ላይ ወጡ። ልብ በሉ፤ ይሄ የመጨረሻው መጽሔት መጽሐፉን የሚያከፋፍሉት የነፋውለር ነው። ደራሲው፣ ሐያሲው፣ አከፋፋዩና መጽሔቱ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። በአንዱ ሂስ ውስጥ የገጣሚው ጤንነት፣ ዕድሜው፣ መድኃኒት ቀምሶ አለማወቁ ሳይቀር ይተረካል። በሌላው ከእንግሊዙ ቴኒሰን ጋር ይነጻጸራል፤ ማን እንደሚበልጥ አትጠይቁኝ።

ታዲያ ሠራለት? ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም፤ ቀልዱን ያበላሽብኝ ነበር። መልሱ አልሠራለትም ነው። ሁለተኛው እትም፣ ያ የወርቅ ጽሑፍ ያለው፣ እሱም አልተሸጠም። በ1860 ቦስተን ውስጥ ሁለት ወጣት አሳታሚዎች ራሳቸው ፈልገውት ሦስተኛውን እትም አወጡለት፤ በዓመቱ ድርጅታቸው ከሰረ። በ1865 በዋሽንግተን የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲሠራ አዲሱ ሹም በዚሁ መጽሐፍ ምክንያት ከሥራ አባረረው። ያን ጊዜ ኦኮነር የተባለ ወዳጁ ተቆጥቶ መከላከያ ጽፎ አሳተመለት። በ1882 የቦስተን ዐቃቤ ሕግ «ጸያፍ ነው» ብሎ አሳታሚውን ሲያስፈራራ ዊትማን ግጥሞቹን አልቆርጥም አለ፤ አሳታሚው ተወው። መጽሐፉ ፊላደልፊያ ተሻግሮ ቢታተም የመጀመሪያው ኅትመት በአንድ ቀን አለቀ። ሰውዬው በ1884 ካምደን ከተማ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ቤት ገዛ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው የራሱ ቤት። 65 ዓመት ሊሞላው ነበር።

በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያላቋረጠው አንድ ነገር ቢኖር ያንኑ መጽሐፍ እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እያረመ መልሶ ማተም ነው። በ12 ግጥሞች የጀመረው መጽሐፍ በ1892 ሲሞት ወደ አራት መቶ ግጥም ደርሶ ነበር። ሦስቱን ሂሶች ዛሬ ተማሪ ማሳቅ ከሚፈልግ አስተማሪ በቀር የሚፈልጋቸው የለም።

የዘመኑን ሌላ ሰው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮንም ማንሳት አለብኝ። የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1849 ሲያሳትም ኪሳራው በእሱ ላይ እንዲሆን ተስማምቶ ነበር። ከ1000 ቅጂ ውስጥ በ1853 ማተሚያ ቤቱ 706ቱን ቤቱ ድረስ ላከለት። ተሸክሞ ሰገነት ላይ አወጣቸው። ስለ ራሱ ሂስ አልጻፈም፤ የማንንም ደብዳቤ አላሳተመም። በዓመቱ «ዋልደን»ን አወጣ። ቶሮ በ1856 ብሩክሊን ሄዶ ዊትማንን ጠይቆታል። ስለ ሽያጭ ተነጋግረው ይሆን? እኔ ብሆን ከሌላው ሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነበር።

ይህን ሁሉ ለተማሪ ስተርክ አንድ ነገር እዘል ነበር። ዊትማን በራሱ ገንዘብ ማሳተሙ ለእኛ ምኑ ያስቃል? እኛ ዘንድ ሌላ መንገድ ያለ ይመስል!

በብራናው ዘመን የጻፈውና ያጻፈው ለየቅል ነበሩ። መጽሐፉ ሲያልቅ ጸሐፊው በመጨረሻው ቅጠል ላይ ለሁለቱም ጸሎት ይለምናል፤ ለጻፈውና ላጻፈው። ያጻፈው ማለት ብራናውን፣ ቀለሙንና የጸሐፊውን ቀለብ የቻለው ሰው ነው። ማተሚያ ሲመጣ ይህ ክፍፍል ቀስ በቀስ ተደበላለቀና የጻፈውም ያጻፈውም ያው ደራሲው እየሆነ መጣ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. የታተመው አዲስ አበባ ሳይሆን ሮም ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴማ ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤት እስከማቋቋም ደርሰዋል። እንደ እሳቸው ያለ አቅም የሌለው ዕጣው ሌላ ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ገና ረቂቅ ነው፤ ለኅትመት የበቃው ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ጥረት ነው። ዛሬ የምናከብራቸው በዚያ መጽሐፍ ነው፤ እሳቸው ግን ታትሞ አላዩትም።

አቤ ጉበኛ ደግሞ በብዕሩ ብቻ ለመኖር የቆረጠ ሰው ነበር። በ1955 ዓ.ም. ያወጣው «አልወለድም» ታገደበት። የታገደ መጽሐፍ ስም ያወጣል፤ የማተሚያ ዕዳ ግን አይከፍልም። በደርግ ጊዜ መንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ነበር፤ ደራሲው ከወጪው ይገላገል ነበር። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያሳተመው እሱ ነው። መጽሐፉ ተለቅሞ ከገበያ ወጣ፤ በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አሳታሚ መኖሩ ከምንም አላዳነውም።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር «ተገላገልን» አልን። እውነትም ተገላገልን። ግን ማንም አላይህም ሲል ማንም አላሳትምህምም ማለቱ ነበር ለብዙዎቻችን። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የአማርኛ ደራሲ መንገዱን በልቡ ያውቀዋል። ኮምፒዩተር ጸሐፊ ዘንድ ትሄዳላችሁ፤ ማተሚያ ቤት ዋጋ ይሰጣችኋል፤ «ወረቀት ጨምሯል» ይሏችኋል፤ ግማሹን በቅድሚያ ትከፍላላችሁ፤ ሲያልቅ ታክሲ ተኮናትራችሁ ትጭናላችሁ። አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፤ የቀረውን «ሲሸጥ» ይከፍላችኋል። አዟሪው መጽሐፋችሁን ያከራያል፤ ሃያ ሰው አንብቦት የተሸጠው አንድ ነው። አሁን አሁን በቴሌግራም በነጻ ይበተናል ይሉኛል፤ እኔን የደረሰብኝ የድሮው ነው።

እንግዲህ ወደ 1994 ዓ.ም. ልምጣ። የአጭር ልብ ወለድ መድበል አሳተምኩ። 3000 ቅጂ። ገንዘቡ የባለቤቴ ዕቁብ ነው፤ ደርሷት ፍሪጅ ልትገዛበት ነበር። «ፍሪጁ የትም አይሄድም፣ አንተ ግን እያረጀህ ነው» አለችኝ። 32 ዓመቴ ነበር።

ጀርባው ላይ የትልቅ ሰው አስተያየት መኖር አለበት አሉኝ፤ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ዘንድ ሄድኩ። ስሙን ተዉት፤ ደግ ሰው ነበር። «ለማንበብ ጊዜ የለኝም፣ አንተው ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ» አለኝ። ጻፍኩ። ለራሴ ሲሆን እንዴት ቃል እንደሚፈስልኝ ሳይ ገረመኝ። እሱም አነበበና «ትንሽ አበዛህ» ብሎ ሳቀ፤ አንድ ቅጽል ሰርዞ ፈረመ። ያቺ አንዲት ስርዝ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ካለው ሁሉ የእሱ የራሱ የሆነችው ብቸኛ ነገር ናት።

ሦስት ወር ሙሉ ስለ መጽሐፉ ማንም ምንም አልጻፈም። ስድብ እንኳ የለም። መጻሕፍቱ መኝታ ቤታችን ውስጥ እስከ መስኮቱ ድረስ ተቆልለው ብርሃን ከልክለውናል። ባለቤቴ ምንም አትልም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ወተቱ እንዳይበላሽ ስታፈላው አያታለሁ። አንድ ሌሊት ተነሣሁና ሂስ ጻፍኩ። የብዕር ስሙ አያቴ በልጅነቴ የምትጠራኝ ስም ነው። ለጨዋነቱ አንድ ሁለት ነቀፌታ ጨመርኩበት፤ ሐያሲ ያለ ነቀፌታ አይታመንም ብዬ የማስተምረው እኔው ነኝ። አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣው። በዚያ ሳምንት አከፋፋዩ ሃያ ቅጂ ጨምርልኝ አለ። ፍርዴ ትክክል ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

በ1995 ዓ.ም. ተማሪዎቼ ከጋዜጣ አንድ አንድ ሂስ መርጠው፣ ከሥራው ጋር አስተያይተው እንዲያቀርቡ አዘዝኩ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነሣችና የመረጠችው የኔን መጽሐፍ ሂስ መሆኑን ተናገረች። ክፍሉ ተንሾካሾከ። ልጅቷ ሂሱን በጥሩ ሁኔታ አቃናችው፤ እኔም ፊቴን እንደ ዳኛ አድርጌ ሰማኋት። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ መምህር። ሐያሲው የሦስተኛውን ታሪክ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በጣም ያደንቃል፤ ጠቅሶታልም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ያ ዓረፍተ ነገር የለም።»

መጽሐፉን ገለጥኩ። እውነቷን ነው፤ የለም። ማተሚያ ቤት ገጽ ሲደረደር የመጨረሻዋ መስመር ወድቃለች። ታሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶት አልቋል። እኔ ከታተመ በኋላ መለስ ብዬ አላነበብኩትም ነበር፤ የማውቀው ረቂቁን ነው። ከኔ በቀር ያቺን ዓረፍተ ነገር የሚያውቃት ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ባለቤቴ እንኳ ያነበበችው የታተመውን ነው። የማስተምረውን ልጅቷ በትክክል ሠርታበታለች። «ጥሩ አስተውለሻል፣ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ጆሮዬ እስኪግል የተሰማኝ ኀፍረት ስለ ሂሱ ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ጉድለት ያለበት ታሪክ በገንዘቡ ገዝቶ ሳለ፣ እኔ ሌሊት ተነሥቼ የደከምኩት መጽሐፉን ለማረም ሳይሆን ለማወደስ ነበር። ዊትማንን ያሳቅኩበት ሰው እንደገና እየለቀመ ሲያርም ኖሯል፤ እኔ ቀልዱን ብቻ ወሰድኩ።

ያንኑ ሳምንት የወደቀችውን መስመር በትንንሽ ወረቀት አሳተምኩና እቤት የቀሩት ላይ እኔና ባለቤቴ በሙጫ ለጠፍን። ሁለት ሺህ ስንት መቶ ሆኑ። የተሸጡት እንደተሸጡ ቀሩ።

ልጅቷ ታውቅ እንደሆነ ወይስ በየዋህነት ጠይቃ እንደሆነ ለሃያ ዓመት ስገምት ኖሬአለሁ። ባለፈው ወር ደወለች። ልብ ወለድ ጽፋለች፤ የምታሳትመው ራሷ ናት፤ የጀርባ አስተያየት ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ ጊዜ ከሌለዎት እኔው ጽፌ ላምጣልዎትና ይፈርሙበት፤ ዛሬ ሁሉም እንደዚያ ነው» አለችኝ። ረቂቁን ላኪው አልኳት። 312 ገጽ ነው። በእርሳስ ይዤ ቀስ እያልኩ እያነበብኩ ነው፤ ገጽ 41 ላይ ልታወጣው የሚገባ አንቀጽ አለ፤ ገጽ 70 ላይ እኔ ብጽፈው የምመኘው አለ። ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃታል።

ትናንት ማታ እንደገና ደወለች። «የት ደረሱ?»

«ገጽ 88።»

«እሺ፣ አይቸኩሉ» አለች። «የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርሱ ብቻ መኖሯን ያረጋግጡልኝ።» እየሳቀች ስልኩን ዘጋችው።